አሥራ አንድ ጣሳ

ጉልደስታ ልጅ ሳለች ጊዜ ማለት ውሃ ውስጥ የሚኖር ነገር ይመስላት ነበር። ሌላው ሰው ቀና ብሎ ፀሐይዋን ሲያይ እሷ ጎንበስ ብላ የአባቷን ድስት ታያለች። ድስቱ ውሃ ሞልቶ ከቦዩ አፍ አጠገብ፣ ነጭ ፍሬው በሚረግፈው የቱት ዛፍ ስር ይቀመጣል። በውሃው ላይ አንዲት የመዳብ ጣሳ ትንሳፈፋለች። ጣሳዋ ከሥሯ ከመርፌ ዓይን እምብዛም የማትበልጥ ቀዳዳ አለቻት። ውሃው በዚያች ቀዳዳ ሽቅብ ይገባል፤ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ። ጣሳዋ ትከብዳለች፣ እንደሚያንጎላጅ ሰው ወደ ጎኗ ዘንበል ትላለች፣ ከዚያ «ጥልቅ» ብላ ትሰምጣለች። ያኔ አባቷ «ሞላ!» ብለው ይጮኻሉ። ተራው ያለቀበት ሰው ቦዩን ይዘጋል፣ ባለተራው ይከፍታል። አባቷ አንዲት ጠጠር ከቀኝ ወደ ግራ ያሳልፉና ጣሳዋን አውጥተው መልሰው ያንሳፍፏታል።

አባቷ ሙራድ የቱታክ መንደር ሚራብ፣ ማለትም የውሃ አባት ነበሩ። ከአፍጋኒስታኗ ሄራት በላይ ባለው በዚያ ደረቅ አገር፣ ከተራራው ሆድ ከመሬት ስር በተቦረቦረ መንገድ የሚመጣው ውሃ ለአርባ ሁለት ባለማሳ የሚበቃው በጣሳ ከተከፋፈለ ብቻ ነው። አንዱ አምስት ጣሳ አለው፣ ሌላው ሁለት፣ ሌላው ከወንድሙ ጋር የሚካፈላት አንድ ተኩል። ሰው ሚስቱን ቢቆጣበት እንኳ የሚታገሰው ጎረቤት፣ ሩብ ጣሳ ውሃ ከተነካበት አካፋ ይዞ ይመጣል።

ጉልደስታ ታዲያ በሆዷ ተኝታ፣ አገጯን በክንዶቿ ላይ አድርጋ፣ ያቺን ጣሳ ስታይ አደገች። ዓይኗ ሲከደን ጣሳዋ ትሰምጣለች፣ ጣሳዋ ስትሰምጥ ዓይኗ ይከፈታል። ከጊዜ በኋላ ሳታይም ታውቀው ጀመር። ሊጥ የምታቦካው በግማሽ ጣሳ ነው። በታንዱሩ፣ በሸክላው ምድጃ ግድግዳ ላይ የለጠፈችው ዳቦ ሩብ ጣሳ ይበቃዋል። የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ አሥራ ሦስት ጣሳ እንደፈጀባት ለአዋላጇ ነግራት፣ ሴትዮዋ በዚያ ሁሉ መሃል ሳቋ መጥቶ ልጁን ልትጥለው ነበር ይባላል።

አባቷ ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው ለማንም አልተናገሩም። የመጀመሪያው ቀን ጣሳዋ ሰጥማ እሳቸው ዝም ብለው ተቀመጡ። ምሳ ይዛ የመጣችው ጉልደስታ ከኋላቸው ቆማ ነበር።

«ባባ» አለች በሹክሹክታ፣ «ሞልቷል።»

«ሞላ!» ብለው ጮኹ ሽማግሌው። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ነገም ምሳ ይዘሽ ትመጫለሽ?» አሏት።

በነጋታው መጣች። ከነጋታው ወዲያም መጣች። ከቱት ዛፉ ግንድ አጠገብ የሸምበቆ መከለያ ቆመ፤ ከወዲህ ሚራብ ሙራድ፣ ከወዲያ ልጃቸው፣ በመሃል ድስቱ። ከመከለያው ጀርባ ሹክ ትላለች፣ ከፊት ለፊቱ አባቷ ይጮኻሉ። ይህ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። መንደሩ አያውቅም ነበር ማለት ከባድ ነው። የዓይነ ስውር ቆጠራ እንዴት እንዲህ አይስትም ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ውሃው በልኩ ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ማን ምን ይፈልጋል?

ሽማግሌው ለልጃቸው አንድ ነገር ብቻ ደጋግመው ይነግሯት ነበር። «ጣሳዋን እንዳታጥቢያት። ልብሷን አታውልቂባት።» ልብሷ የሚሉት በቀዳዳዋ ዙሪያ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ውሃው የጋገረባትን ነጭና አረንጓዴ ቅርፊት ነው። ጉልደስታ ይህንን እንደ ሽማግሌ ፍቅር ቆጥራው ታልፍ ነበር።

በዚያ ክረምት፣ በረዶው የበሩን ደፍ ሲያልፍ፣ ሚራብ ሙራድ አረፉ። ከቀብር ሲመለሱ ወንዶቹ ጣሳዋን ከቤቷ ወሰዱ። ጉልደስታ ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ ሰጠቻቸው። ጣሳዋን የሰጠቻቸው እጆቿ ለብዙ ቀን የጎደላቸው ነገር ያለ ይመስል በባዶ አየር ላይ ይዘረጉ ነበር።

በቱታክ የውሃ አባት የሚሰየመው በኖውሩዝ፣ በአዲሱ ዓመት ቀን ነው። ከላይኛው ማሳ አንድ፣ ከመካከለኛው አንድ፣ ከታችኛው አንድ፣ ሦስት ባለማሳዎች ይነሱና ስሙን ጮክ ብለው ይጠራሉ። ሕዝቡ «ተቀብለናል» ይላል። የተሰየመው ሰው በጣሳዋ የመጀመሪያውን ውሃ ይጠጣል፣ አለቀ። እስከዚያ ያለውን አርባ ቀን ጣሳዋን እንዲይዝ የታዘዘው የሐጂ ገፉር የእህት ልጅ ሰቡር ነው። ሐጂ ገፉር ከመንደሩ በታች ትልቁን የለውዝ ዛፍ ማሳ የያዙ፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚቀድም ሰው ናቸው። ሰቡር ደግሞ ኢራን አገር ግንበኝነት ሠርቶ የተመለሰ፣ ደህና ልጅ ነው፣ ታታሪ። ችግሩም ታታሪነቱ ሆነ።

መጀመሪያ «ይሄን ነገር በሞባይል እንቁጠረው» አለ። የሦስት ሰው ሞባይል ወጣ፤ ሦስቱም የተለያየ ሰዓት አሉ። ሰው ሳቀ፣ ሞባይሎቹ ወደ ኪስ ተመለሱ። ያፈረው ሰቡር ቢያንስ ጣሳዋን ላክብራት ብሎ አሰበ። አመድና ኮምጣጤ ይዞ አንድ ከሰዓት ሙሉ ሲፈትጋት ዋለ። በማግስቱ ጣሳዋ ከቱት ዛፉ ስር እንደ ሙሽራ አበራች። መንደሩ መጥቶ አያት። «ሙራድ ነፍሳቸውን ይማር እንጂ፣ እንዲህ የምታምር ዕቃ አጨማልቀው ይዘዋት ነበር!» አሉ።

በዚያው ሳምንት ጉልደስታ ዳቦ ስትጋግር ነው ነገሩ የገባት። አንድ ጣሳ እንደተጀመረ አንገቷን ወደ ታንዱሩ አስግጋ የመጀመሪያውን ሊጥ ለጠፈች። ከጣሪያው በላይ የለውዝ አበባ ሽታ ይመጣል። ሐሳቧ የአባቷ መከለያ ጀርባ ሄዶ ተኝቶ ነበር፤ ሸምበቆው በጸሐይ ሲሞቅ የሚሸተው ሽታ፣ የውሃው ጸጥታ። አራተኛው ዙር ዳቦ ገና ታንዱሩ ላይ ሳለ ከቦዩ ወዲያ «ሞላ!» የሚል የሰቡር ድምፅ መጣ። ድምፁን አምና ዳቦውን አወጣችው። በለመደችው ልክ ያወጣችው መስሏት ነበር። መሃሉ ጥሬ ነው።

ጎረቤቷ ቢቢ ሳሊሃ፣ ምላሷ መንደሩን የሚገርፍ አሮጊት፣ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብላ ዳቦውን አየች። «ምነው፣ ዛሬ ለአህያው ነው የጋገርሽው?»

«ቢቢ፣ ዳቦው አልቸኮለም» አለች ጉልደስታ። «ጣሳዋ ናት የቸኮለችው።»

ሌላው መንደር ግን ሌላ ነገር ነው ያየው። ለበዓሉ የመስጊዱ ገንዳ ሲሞላ፣ ዘንድሮ አሥራ ሦስት ጣሳ ፈጀ። ገንዳው ከጥንት ጀምሮ በጸደይ አሥራ አንድ ጣሳ ነው የሚበላው፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ስለዚህ ውሃው ቀንሷል ተባለ። ተራራው ነጥፏል ተባለ። ወንዶቹ ወጥተው ለዝናብ ጸለዩ። በታች በኩል የሐጂ ገፉር ለውዝ አበባውን ማርገፍ ጀመረ፤ ውሃው ረጅሙን መንገድ ተጉዞ ማሳቸው ሲደርስ ተራቸው አልቋል እየተባለ ይዘጋባቸዋል። ሐጂ ላይኞቹ ሰርቀውኛል ብለው በመካከለኛው ማሳ ባለቤት በካካ ሩስተም ላይ አካፋ አነሱ። ጆሮአቸው የከበደው የሰማንያ ዓመቱ ሩስተም ደግሞ አካፋውን ሊያውሷቸው ያመጡላቸው መስሏቸው አመስግነው ተቀበሉ። ሰው በመሃል ባይገባ ደም ይፈስ ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት ጉልደስታ ለባሏ ለፈይዝ ሻይ ቀዳችለትና ጥሬውን ዳቦ ከፊቱ አስቀመጠችው።

«ምንድን ነው?»

«የመንደሩ ጠብ ነው። ቁረሰውና እየው።»

ፈይዝ በግ የሚያረባ፣ ትንሽዬ የላይ ማሳ ያለው፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ከሰው ፊት ሲቆም ቃላቱን ቤት የረሳ ይመስላል። ነገረችው፤ ውሃው እንዳልቀነሰ፣ ልብሷን የገፈፏት ጣሳ ቀዳዳዋ ሰፍቶ ቶሎ እንደምትሰምጥ፣ የሁሉም ተራ እንዳጠረ፣ መንገዱ የራቀው ሰው ደግሞ የባሰ እንደተጎዳ። አባቷ ለምን አታጥቢያት እንዳሏት ለእሷ ለራሷም የገባት አሁን ነው።

ፈይዝ መስጊድ ሄዶ፣ አራት ጊዜ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ቤት ያሉት፣ ጣሳዋ ናት ይላሉ» አለ።

«ቤት ያሉት እነማን ናቸው?» አሉ ሐጂ ገፉር፣ ማን እንደሆነች እያወቁ።

«የልጆቹ እናት።»

«አሃ። እና የልጆቹ እናት ከመቼ ወዲህ ነው መዳብ የምታነበው?»

ካካ ሩስተም እጃቸውን ከጆሮአቸው ኋላ አድርገው ነገሩን ካስደገሙ በኋላ፣ «ዘጠኝ ዓመት ዕውሩ ሙራድ በምን ያየ ይመስልሃል፣ ሐጂ? በጢሙ?» አሉ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልተባለ ነገር እንደ ዋዛ ተባለ።

ጣሳዋን ለጉልደስታ ላኩላት። ከንብ ሰም አንዲት ቅንጣት በእሳት አለሰለሰችና በመርፌ ጫፍ በቀዳዳዋ ዙሪያ ቀባች። ድስት ሞልታ አንሳፈፈቻት። ዓይኗን ጨፈነች። አባቷ ከወዲህ ተቀምጠው እንዳሉ፣ ሸምበቆው እንዳለ፣ ልጅ ሆና በሆዷ እንደተኛች ሆነች። «አሁን» ስትል ጣሳዋ ገና ነበረች፤ ሰሙን ፋቀች። «አሁን» ስትል ጣሳዋ ቀድማ ሰጥማለች፤ ሰም ጨመረች። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እንዲህ ሆነ። በመጨረሻው ጊዜ «አሁን» የሚለው ቃልና «ጥልቅ» የሚለው ድምፅ አንድ ላይ ወጡ። ዓይኗን ስትገልጥ ጥላው ግድግዳውን ወጥቶ ነበር፤ ልጆቿም ተሰልፈው ያዩዋታል።

ገንዳውን አፍስሰው እንደገና ሞሉት። ሰቡር ከቦዩ አፍ ጠጠር እያሳለፈ ጮኸ። አሥራ አንደኛዋ ጣሳ ስትሰምጥ ውሃው የገንዳውን ከንፈር ነካ። የመስጊዱ ኢማም ሙላህ ሳሂብ ጫማቸው እስኪረጥብ ድረስ ቆመው አዩት።

በዚያው ሳምንት ሐጂ ገፉር እንግዳ ሆነው ፈይዝ ቤት መጡ። የደረቀ ቱትና ለውዝ ቀረበ። ጉልደስታ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ትሰማለች።

«ፈይዝ ጃን» አሉ ሐጂ፣ ድምፃቸውን ለማለስለስ እየሞከሩ፣ «ተመካክረናል። ዘንድሮ የውሃ አባት አንተ ትባላለህ።»

«እኔ?»

«ስምህ ይጠራል። ከዛፉ ስር ትቀመጣለህ። መከለያው እንደነበረው ይሁን። ገባህ አይደል? እንደ ሽማግሌው ጊዜ።»

«እኔ እኮ በግ እንኳ ስቆጥር እሳሳታለሁ፣ ሐጂ ሳሂብ።»

«ማን ቁጠር አለህ? ቁጭ በል ነው ያልንህ። የሴት ስም በአደባባይ ተነስቶ ሲጠራ ሰምተህ ታውቃለህ? በሠርግ ጥሪ ላይ አይጻፍም፣ በመቃብር ድንጋይ ላይ አይጻፍም፤ አሁን ከቱት ዛፍ ስር ሦስት ጊዜ እንጩኸው?»

እንግዳው ከሄዱ በኋላ ፈይዝ መጋረጃውን ገለጥ አደረገ። ደስ ያለው ይመስላል። «ሰማሽ? ጣሳዋ ተመለሰችልሽ።»

ጉልደስታ ሳህኑን እየሰበሰበች ብዙ ቆየች። ሩብ ጣሳ ያህል።

«አልቀመጥም» አለች።

«ምን?»

«ከመከለያው ኋላ አልቀመጥም። ጣሳዋን አስተካክያታለሁ፣ ይውሰዷት፣ ውሃም በልኩ ይጠጡ፤ ማንንም ውሃ አልከለክልም። ግን ዘጠኝ ዓመት በአባቴ አፍ ቆጠርኩ። እሳቸው ሲሞቱ እኔም አብሬ የሞትኩ ያህል ጣሳዋን ከእጄ ወሰዷት፣ ማንም ‹አንቺስ?› ያለኝ የለም። አሁን በአንተ አፍ ብቆጥር፣ አንተ ስትሞት ደግሞ እንደዚያው ነው። የሚጠሩ ከሆነ ስሜን ይጥሩት።»

«ማን ይጠራዋል?» አለ ፈይዝ፣ በእውነት ግራ ገብቶት።

«ከላይኛው ማሳ አንድ ሰው ያስፈልጋል» አለች። «አንተ የላይኛው ማሳ ሰው ነህ።»

የፈይዝ ፊት ተለዋወጠ። በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳር ውስጥ ስሟን አንድም ቀን ጠርቶት አያውቅም። «አንቺ» ይላታል፣ «የልጆቹ እናት» ይላታል፣ ከሩቅ ከሆነ ያስላል። ክፋት አይደለም። አባቱም እናቱን ያስሉላት ነበር።

ኖውሩዝ ሁለት ቀን ሲቀረው ጉልደስታ ጭድ ልታመጣ ወደ ጋጣው ስትሄድ ከውስጥ ድምፅ ሰማች። ቆመች። ፈይዝ ከአህያው ጋር ነው። የአህያውን ጆሮ ይዞ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንደሚጸልይ ሰው «ጉልደስታ» ይላል። ዝም ይላል። ጉሮሮውን ይጠርጋል። «ጉል...ደስታ።» አህያው ጭዱን ያኝካል። «ጉልደስታ!» አለ ጠንከር ብሎ፣ ራሱም ደንግጦ በሩን አየ።

እሷ ጭዱን ሳትወስድ በጣቷ ጫፍ ተመለሰች። ያን ቀን ሙሉ መሬቱን የምትረግጥ አልመሰላትም። የመንደሩ ግድግዳዎች በጸሐይ የለሰለሱ፣ የለውዙ አበባ በአየር ላይ የቆመ፣ ራሷም በድስት ላይ እንዳለች ጣሳ ቀስ እያለች የምትሞላ መሰላት።

በበዓሉ ጠዋት ወንዶቹ ከቱት ዛፉ ስር ተሰበሰቡ። ሴቶቹ ከየጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ ሆነው፣ ልብስ የሚያሰጡ መስለው፣ ጆሮአቸውን ወደ ዛፉ አስጡ። ቢቢ ሳሊሃ አንዲት ሻሽ ሰባት ጊዜ አሰጣች።

ሙላህ ሳሂብ «ከላይኛው ማሳ?» አሉ። ፈይዝ ተነሳ። አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ጉልደስታ ከጣሪያው ላይ ትቆጥራለች። ሩብ ጣሳ አለፈ።

«የፈይዝን ምላስ አህያው በላው እንዴ?» አለ አንዱ፣ ሳቅ ሆነ።

«ጉልደስታ» አለ ፈይዝ። «የሚራብ ሙራድ ልጅ። ባለቤቴ። ጉልደስታ።» ተቀመጠ።

ሳቁ እንደተቆረጠ ክር ቀረ።

«ከመካከለኛው?»

ካካ ሩስተም በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ። «ማን ነው ያለው?» ብለው ጮኹ። ጎረቤታቸው በጆሮአቸው ነገራቸው። «ጮክ በል እንጂ!» ጎረቤቱን ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ ጮክ ብሎ ነገራቸው። «እንዲያ በለኝ! ጉልደስታ!» አሉ ሽማግሌው፣ በአንድ ተራ ስሟን ከሁለት ሰው አፍ አስወጥተው።

«ከታችኛው?»

ሐጂ ገፉር አልተነሱም። መቁጠሪያቸውን በጣቶቻቸው መሃል እያሳለፉ ወደ ለውዝ ማሳቸው አዩ። አበባው መርገፉን ትቷል፤ ከአራት ቀን በፊት ውሃቸው በልኩ ደርሷቸዋል። ሁሉም ሰው ያውቃል። እሳቸውም ያውቃሉ። ቀና ሳይሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው የሚመስል ንግግር ተናገሩ፤ ግን ያ ድምፅ መቼ ዝቅ ይልላቸዋል።

«ዝም ካልኩ ስንት ሆነኝ?»

ሰቡር ወደ ኪሱ ሊገባ እጁን ሰደደና መልሶ አወጣው። ያኔ ከጣሪያው ላይ የሴት ድምፅ መጣ።

«ግማሽ ጣሳ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል፣ ሐጂ ሳሂብ።»

መጀመሪያ የሳቁት ሙላህ ሳሂብ ናቸው፣ ጢማቸውን ይዘው። ከዚያ የቀረው ሁሉ። ሐጂ ገፉርም ሊቆጡ ፊታቸውን አዘጋጅተው ነበር፤ ፊታቸው ግን አልታዘዘላቸውም።

«ሞልቶ ከሚሰምጥብኝ» አሉ እየተነሱ፣ «ጉልደስታ ትሁን። የሙራድ ልጅ፣ ጉልደስታ።»

«ተቀብለናል» የሚለው ድምፅ አንድ ላይ አልወጣም። አንዳንዱ ጮኸ፣ አንዳንዱ ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቀሰ፣ ሁለት ሦስት ሰዎች ተነስተው ሄዱ። እስከ ዛሬም ስሟን የማይጠሩ አሉ፤ ‹የጣሳዋ› ይሏታል፣ ውሃውን ግን በሰዓቱ ይከፍታሉ።

ጉልደስታ ከጣሪያው ወረደች። በጣሳዋ ጠጣች፤ ቀዳዳዋን በጣቷ ደፍና። ሰቡር መከለያውን ነቅሎ፣ የት እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት፣ ትከሻው ላይ ተሸክሞት ቆመ። «ለዶሮ ማደሪያ ይሆንሃል» አለችው ቢቢ ሳሊሃ ከላይ።

ተቀመጠች። ጣሳዋን አንሳፈፈች። ውሃው ገባ፤ ቀስ፣ ቀስ። የቱት ቅርንጫፍ ጥላ በመዳቡ ላይ ተንቀሳቀሰ። ሰዎቹ ወደየማሳቸው ተበተኑ፣ ድምፆቹ ራቁ፣ ዓለሙ የድስት ያህል ሆነ። ጣሳዋ ጎኗን ጣለች። ጥልቅ።

«ሞልቷል» አለች ጉልደስታ፣ በሹክሹክታ።

ማንም አልሰማም። ዘጠኝ ዓመት የለመደው ጉሮሮ ነው። ከታች ባለተራው ፈይዝ በአካፋው ተደግፎ ወደ ዛፉ ያያል፣ ይጠብቃል። ውሃው ተራው ያለቀበት ማሳ ላይ መፍሰሱን ቀጠለ። ከወዲህ በኩል፣ የአባቷ ቦታ ላይ፣ የሚጮኽላት ማንም አልነበረም።

ጉልደስታ ተነስታ ቆመች፣ ሻሿን ከአፏ ላይ አወረደችና ጮኸች።

«ሞላ!»

ድምፁ ከራሷ የወጣ አልመሰላትም፤ ሄዶ ከተራራው ተመለሰ። ፈይዝ ቦዩን ከፈተ። በየጣሪያው ላይ ያሉት ሴቶች፣ አንዲቷ ሌላዋን ተከትላ፣ ዳቦአቸውን ሊያወጡ ወደየታንዱራቸው ወረዱ።